የአስካለ ሳጥን ጠርዝ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ፣ በዚህ የወደብ ከተማ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቱ ጓሮ በከፈታት ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት፣ በኤሌክትሪክ በሚሽከረከረው ማሽኑ ጫፍ የሚገቡትን መቅረጫ ብረቶች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «እማማ፣ ለዚህ ቁም ሳጥን ጠርዝ የትኛው ያምራል?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የሰጋቱራው ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አባቴ ፊት ቆምኩ።

አባቴ ባቡር ጣቢያ የፉርጎ አናጢ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ከቤታችን ጀርባ፣ በሰሌን ጥላ ሥር ባቆማት የሥራ ጠረጴዛ ላይ የጎረቤት ወንበር ይጠግናል፣ አልጋ ይሠራል፤ ጨዋማው የባሕር ነፋስ እንዳያዝግበት መሣሪያዎቹን ሁሉ ዘይት በነካ ጨርቅ እየጠቀለለ እንደ አራስ ልጅ ያስተኛቸዋል። ከሁሉም የሚሳሳለት አገሩ የተመለሰ አንድ ግሪክ አናጢ ለቆለት የሄደው መላጊያ ነበር። አካሉ አንድ፣ ስለቶቹ ግን አሥራ አንድ ናቸው፤ ስለቱ በተቀየረ ቁጥር የእንጨቱ ጠርዝ አንዴ እንደ ሞገድ፣ አንዴ እንደ ገመድ፣ አንዴ እንደ ተገመሰ እንቁላል ሆኖ ይወጣል።

ታላቅ እህቴ አስካለ ድሬዳዋ ላለ ነጋዴ ስትታጭ፣ አባቴ የልብሷን ሳጥን እኔው እሠራለሁ አለ። ከህንድ በጀልባ በመጣ፣ ቲክ በሚባል ጠንካራ እንጨት ሳጥኑ በሁለት ሳምንት ቆመ፤ የቀረው የክዳኑ ጠርዝ ብቻ ነበር። ያ ጠርዝ ግን አላልቅ አለ። አባቴ አንዱን ስለት ያስገባል፣ በቁራጭ እንጨት ይሞክራል፣ በአውራ ጣቱ ዳስሶ ራሱን ይነቀንቃል፦ ይሄ በዛ፣ ይሄ ቀጠነ፣ ይሄ የየመኖቹን በር ይመስላል፣ ይሄኛው ደግሞ አቧራ ይይዝባታል። እኔ እግሩ ሥር የሚወድቀውን ፍቅፋቂ እንደ አምባር ክንዴ ላይ እየጠቀለልኩ ምነው ባያልቅ እላለሁ፤ እናቴ የተጣሉትን ቁርጥራጮች እያነደደች ወር ሙሉ ወጥ ሠራችባቸው።

የሙሽራው ሽማግሌዎች ቀኑን ሁለት ጊዜ ገፉለት። በሦስተኛው የእናቴ ትዕግሥት አለቀ።

«የአስካለ አባት፣ ልጅቷን የሚያገባት ሰውዬው እንጂ ሳጥኑ አይደለም። አንዱን ይምረጡና ይገላግሉን!»

«ስለቱ እኮ ነው እንቢ ያለኝ» አለ፣ ቀና ሳይል።

እሁድ ከሰዓት አስካለ ራሷ መጣች። ስለቶቹን አንድ በአንድ አንስታ አየችና አናጢ ሁሉ የሚሸሸውን፣ ጠባቡንና አድካሚውን ለየች።

«ይኼን ወድጄዋለሁ።»

«እሱ ሥራው ረጅም ነው ልጄ፤ ሳምንት ይፈጃል።»

«ይፍጅ አባባ። ሳምንት አለን።»

አባቴ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ የዘገየው በስለቱ እንዳልሆነ እንደገባት አወቀ። የመሳያውን ድንጋይ አርሶ ስለቱን መሳል ጀመረ። ሳምንቱን ሁሉ እሷ ከኋላው በርጩማ ላይ እየተቀመጠች ስትጠብቀው፣ እሱ እንባውን እንዳታይበት ይመስለኛል፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይዞር ላገ። እንደዚያ ጠርዝ ያማረ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ጠርዙ ባለቀ በማግስቱ ጠዋት ባቡሩ አስካለንም ሳጥኑንም ይዞ ሄደ።

ድሬዳዋ በገባች በሁለተኛው ዓመት ንዳድ ወሰዳት።

የእኔ ተራ ሲደርስ አባቴ ሸብቶ ነበር። ሳጥኔን በሦስት ቀን ጨረሰው፤ ክዳኑ ለጥ ያለ፣ ጠርዙ ምንም የሌለው። ቅር አለኝ፤ ከእህቴ ያነስኩ መሰለኝና አፍ አውጥቼ «ለእኔ ስለት አይመረጥም?» አልኩት። ሰጋቱራውን ከእጁ አራገፈና አጠገቡ ምንጣፍ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ያኔ ስለት ስመርጥ ልጄን ሳልጠግባት ሄደችብኝ» አለ። «ነይ ቁጭ በይ። ሠርግሽ ሃያ ቀን ቀርቶታል፤ እናውራ።»

ሃያውንም ቀን አወራን። ሐዲዱን ተከትሎ ወደዚህ በረሃ ሲወርድ ምን ያህል እንደ ፈራ፣ እናቴን መጀመሪያ የት እንዳያት፣ እኔ ስወለድ ምን ብሎ እንደ ተሳለ ነገረኝ። ዛሬ እሱም እናቴም የሉም፤ የአባቴ ድምፅ ሲናፍቀኝ የምሄደው ወደነዚያ ሃያ ቀናት ነው። አስካለ እንዲህ ያለ ቀን አንድም አልነበራትም፤ ከኋላው ተቀምጣ ያለፋት ያ ሳምንት የእሷም የእሱም ነበር፣ ሳያወሩበት አለፈ እንጂ ማንም አልኖረበትም።