በወይራ የታጠነው ጋን

ሀጂራ አሲድ ሲነካው የሚቀላውን የሊትመስ ወረቀት ከጋኑ አውጥታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። አልቀላም። ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የብቅሉ ጭማቂ እስካሁን መኮምጠጥ ነበረበት።

አሰላ ባለችው ትንሽ ወርክሾፕ ሥራዋ ይኸው ነው። ባክቴሪያው ብቅሉን እየበላ ላክቲክ አሲድ ይሠራላታል፤ አሲዱ ተጣርቶ የቆዳ ቅባትና መድኃኒት ለሚያዘጋጁ ይሄዳል። ባክቴሪያውን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያወጣችው ትውልድ አገሯ ጎበሳ ከነበረው የእናቷ የወተት ቅል ነው፤ ጠርሙሱ ላይም «ራቢያ» ብላ ስማቸውን ጽፋበታለች። እናቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ፍሪጅ ውስጥ የነበረው መጠባበቂያ ባለፈው ወር መብራት ሲጠፋ ተበላሸ። የቀረችውን አንዲት ጠርሙስ የባክቴሪያ እርሾ ደግሞ፣ ከምርቱ ላይ መልሼ እቀዳለሁ ብላ ሙሉውን አዲሱ ጋን ውስጥ ገልብጣዋለች።

ክዳኑን አሸተተች። ጭስ ጭስ ይላል።

«እትዬ አሰፋች፣ ይሄን ጋን ምን አድርገውት ነው?»

ወርክሾፑን የሚያጸዱት ሴትዮ ቀና አሉ። «አጥቤ በወይራ አጠንኩልሽ እንጂ! አዲስ ዕቃ እንዲሁ ይሞላል እንዴ? እኛ አገር አርቦዬ ብትሆኚ ይስቁብሽ ነበር።»

«ጭሱ እርሾውን ገድሎታል።»

«ወይ ጉድ! እናትሽ ቅላቸውን አያጥኑም ነበር ልትዪኝ ነው?»

ያጥኑ ነበር። የቅሉ ባክቴሪያ ጭስ የለመደ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት በንጹሕ ጠርሙስ አቀማጥላ ያስረሳችው ራሷ ናት። ማልቀስ ያለባት መሰላት፤ እንባ ግን አልመጣም። ጋኑን ደፍታ አጠበችው።

ቅዳሜ ጎበሳ ሄደች። የወንድሟ ሚስት ፈይሩዛ ቅሉን ከግድግዳ አወረደችላት። «ጀሪካን እያለ ይሄን ማን ያጥናል? ውሰጂው፣ ከፈለግሽ።» ሀጂራ ከውስጡ የደረቀውን በማንኪያ ፍቃ አፍልታ ያቀዘቀዘችው ወተት ውስጥ ጨመረችው።

ማክሰኞ ወተቱ ረግቶ ነበር። ግን ማን አረጋው? የእናቷ ይሁን ከአቧራ የገባ፣ በማይክሮስኮፕ አይለይም።

«እትዬ አሰፋች፣ ወይራ ተርፎዎታል?»

«ደግሞ ልትቆጪኝ?»

«አይ። አንድ ጠርሙስ ያጥኑልኝ፤ ጠንከር አድርገው። የእናቴ ከሆነ ጭሱን ይችለዋል።»

ከረጋው ወተት ጥቂቱን በታጠነው ጠርሙስ ውስጥ ባለው የብቅል ጭማቂ ላይ ጨመረች። ሦስተኛው ቀን ምንም የለም። አራተኛውም እንደዚያው። በአምስተኛው ወረቀቱ ቀላ።

«እሰይ!» አሉ እትዬ አሰፋች። «አልነገርኩሽም?»

«ነግረውኛል።»

ሀጂራ ከዚያው ላይ ሦስት ጠርሙስ ቀዳች። ሁለቱን የተለያየ ፍሪጅ ውስጥ ከተተች። ሦስተኛው ላይ «ራቢያ» ብላ ጻፈችና ጋኑን ልትሞላ ተነሣች።