የበረኛው አጥንት

ስጋ ቤት አጥንት በመጋዝ ሲቆረጥ የምትወጣዋን የተቃጠለች ሽታ ታውቃታለህ? እሷ ስትሸተኝ ባጃጄን አዙሬ በሌላ መንገድ ነው የምሄደው። ቡታጅራ ውስጥ እኔን የሚያስዞር ሌላ ነገር የለም፤ ትራፊክ ራሱ አያስዞረኝም።

ያኔ ባጃጅ ለከተማችን ገና ብርቅ ነበር። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ጥዬ ከሹፌሮቹ ሁሉ አንደኛ ነበርኩ፤ ማንንም ጠይቅ። መስቀል ሲቃረብ ያለው የሌለው አገሩ ይገባል። ውጭ አገር የምትመራመረው የሰፈራችን ዶክተርም መጣች። ሻንጣዋን የጫንኩት እኔ ነኝ።

"ምንድነው የምትመራመሪው?" አልኳት።

"አጥንት።"

"ይሄ ሁሉ ዓመት ለአጥንት? የሰፈራችን ውሻም እኮ ይመራመራል!"

ሳቀች። ከዛ አስረዳችኝ። አጥንት ድንጋይ አይደለም አለች፤ ህይወት አለው፣ ሁልጊዜ የሚያፈርሰውና የሚገነባው አለ። ደማችን ውስጥ ደግሞ በሽታ የሚዋጉ ጠባቂዎች አሉ። የሷ ጥናት ጠባቂዎቹና አፍራሾቹ እንዴት እንደሚግባቡ ነው።

"ቢኮራረፉስ?"

"ቤቱ ይፈርሳላ።"

ያወረድኳት ጓደኛዬ በር ላይ ነው፤ ጎረቤቷ ነው። የሰፈራችን ኳስ ቡድን በረኛ ነበር፣ ከኔ ቀጥሎ ቆንጆ። ከጉልበቱ ስር ካበጠ ከርሟል። ኳስ መትቶት ነው ብለን ወጌሻ በቅቤ ሲያሸው ሰንብቷል። ግቢው ውስጥ የመስቀሉ በሬ ታስሯል፤ ሳሩን ትቶ እኛን ያያል። ዶክተሯ እየሳቀች እጇን እብጠቱ ላይ አሳረፈች። እጇ እዛው ቀረ። ሳቋ መብራት እንደሄደ ነገር ድርግም አለ።

"ሌሊት ያምሃል?"

"ሌሊት ነው የሚብሰው" አላት። ለኔ ነግሮኝ አያውቅም።

"ከእንግዲህ ማንም እንዳያሸው። እማማ፣ ነገውኑ አዲስ አበባ ሆስፒታል ይሂድ።"

እናቱ ደነገጡ። "ነገ? ወንድሞቹ ሁሉ እየመጡ? መስቀልን ሰው አገር ሊውል? ይለፍ ልጄ፣ ከዛ እኔው ራሴ እወስደዋለሁ።"

"እማማ፣ ይሄ ነገር መስቀል አያውቅም።"

"ክትፎዬን ሳልበላ ማንም አያንቀሳቅሰኝም!" አለ እሱ። ሁላችንም ሳቅን። እሷ ብቻ አልሳቀችም።

ደመራው ተለኮሰ፣ በሬው ታረደ። እኔ ሙስሊም ስለሆንኩ ስጋውን አልበላም፣ ግን ያለኔ ምን ጨዋታ አለ? እያስጨፈርኩ ዞር ብዬ ጓደኛዬን ሳየው ግድግዳ ተደግፎ ጥርሱን ነክሷል። የበሬውን ታፋ በመጋዝ ሲቆርጡ ያቺ ሽታ ግቢውን ሞላችው። እግሩን በጋቢ ሸፈነ።

ከመስቀል በኋላ ሄዱ። የአጥንት ካንሰር ነው ተባለ፣ እግሩ ተቆረጠ። ልጠይቀው አዲስ አበባ የሄድኩ ቀን ዶክተሯም ሆስፒታል ድረስ መጥታ ከተቆረጠው ላይ ትንሽ ለምርምሯ እንድትወስድ ጠየቀችው።

"ውሰጂ" አላት። ወደኔ ዞሮ፣ "አየህ፣ እግሬ ፈረንጅ አገር ሄደ። አንተ ገና አዲስ አበባን አላለፍክም" አለኝ። ወላሂ፣ በቀልድ ተበልጬ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው መስቀል ሌላ በሬ ታሰረ፣ እሱ አልነበረም።

ዶክተሯ አሁንም በየመስቀሉ ትደውልልኛለች። ሥራዋን በሙሉ ወደ እሱ በሽታ አዙራዋለች፤ ጠባቂዎቹ ያንን ነገር እያዩት ለምን ዝም ብለው እንዳለፉት ነው የምትፈልገው። "ያኔ ወዲያው ቢሄድ ይተርፍ ነበር?" አልኳት አንዴ። "አላውቅም" አለች።

ዘንድሮ ስትደውል እናቱ ቤት ተቀምጬ ነበር።

"ከሱ የወሰድሽው እስካሁን አለ?"

"አለ። ላብራቶሪ፣ ብርጭቆ ውስጥ እየመገብኩት ነው፣ ይበዛል።"

"እሱ ነው?"

"አይደለም። የገደለው ነው። ምን እንደሚገድለው እስካገኝ ነው የማኖረው።"

ስልኩን ዘጋሁ። እናቱ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

"ምን አለችህ ልጄ?"

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

"ከልጅዎ ትንሽ በህይወት አለ አለች፣ እማማ።"

"ይበላል?"

"ይበላል።"

"እሰይ" አሉ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው።