እትዬ ድገሙት እና የተለቀመው ለውዝ

እንደ እሷ የረገምኳት ሴት የለችም። ዛሬ ደግሞ አንድ ሰው ክፉ ቢናገርባት ለጠብ የምነሣው እኔ ነኝ። ስለዚህ በማወራው ውስጥ ማጋነን ካገኛችሁ፣ ከፍቅር ነው በሉት።

"እትዬ ድገሙት" ያሏት አብረዋት የሚሠሩት ናቸው። ሥራዋ ከዕፅዋት የሚዘጋጁ ምግቦችን መመርመር ነው። የአኩሪ አተር ወተት፣ የሽምብራ ዱቄት፣ የለውዝ ቅቤ፣ ሥጋ ሳይነካው ሥጋ ነኝ የሚለው ሁሉ በእሷ ጠረጴዛ ያልፋል። መርዝ አለበት ወይ? ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ፕሮቲን አለው ወይ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስትጠይቅ ኖራለች። ባልደረቦቿ ቀኑን ሙሉ የለፉበትን ውጤት ሲያቀርቡላት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ታነበውና "ጎበዞች! በሉ ድገሙት" ትላለች።

ባሏ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። እንግዳ ባገኘ ቁጥር "እኔንም ሠላሳ ዓመት መርምራኛለች፤ ውጤቴ ግን እስካሁን አልወጣም" ይላል። እሷም ከጓዳ ሆና "ናሙናው አስቸጋሪ ነው!" ብላ ትመልስለታለች።

አንድ የአኩሪ አተር ወተት አምራች ነበር። ካርቶኑ ላይ ፕሮቲኑ ከላም ወተት እንደሚበልጥ በትልልቁ አሳትሟል። ስትለካው ግማሹም የለም። ሰውዬው እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ቢመጣ "ወንድሜ፣ የእርስዎ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እኮ" አለችው። ክፍሉ በሣቅ ሊፈርስ ደረሰ። እሷ ግን ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ውሃውን የት ላይ እንዳበዛው አንድ በአንድ አስረዳችው። ከሦስት ወር በኋላ ያው ሰውዬ በትክክለኛ ቁጥር አለፈ።

ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። እኔና ባለቤቴ በተከራየነው መጋዘን የለውዝ ቅቤ እንሠራለን። ያኔ ገና መጀመራችን ነበር፣ እድል ቀናንና ለአሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶች የልጆች ቁርስ እንድናቀርብ ተመረጥን። የቀረን ከላብራቶሪው "አልፏል" የሚል ወረቀት ብቻ ነው። አርባ ጆንያ ለውዝ ተደርድሮ ይጠብቃል። ያ ወረቀት ከቀረ መጋዘኑ ተዘግቶ እኔም ወደ ለቀቅኩት የሹፌርነት ሥራ መመለሴ ነው።

ሁለት ኪሎ ናሙና አምጣ ተባልኩ። አሁን ሳስበው የሚያስቀኝም የሚያሳፍረኝም ያን ጊዜ ያደረግኩት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከባለቤቴ ጋር ትሪ ይዘን ተቀመጥንና ለውዙን ፍሬ በፍሬ ለቀምነው። የተሰበረውን አወጣን፣ የተጨማደደውን አወጣን፣ የጠቆረውን አወጣን። ማጭበርበር አልመሰለኝም፣ በእግዜር! እንግዳ የሚመጣበት ሰው ቤቱን እንደሚያሰናዳው ነው ያሰናዳሁት። ከዚያ ምርጡን በንጹሕ ከረጢት አድርጌ ደረቴን ነፍቼ ወሰድኩላቸው።

ውጤቱ በአራተኛው ቀን ደረሰ፤ ንጹሕ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የክፍሉ ኃላፊ ሊፈርም ብዕሩን ሲያነሣ እትዬ ድገሙት "ቆይ እስቲ" አለችው። ከናሙናው የተረፈውን ትሪ ላይ ዘርግታ እያገላበጠች ነበር።

"ምን ጎደለው? መርዝ የለበትም፣ ፕሮቲኑም ሙሉ ነው" አላት ኃላፊው።

"እንከን ነው የጎደለው። አንድ ስባሪ የሌለበት ሁለት ኪሎ ለውዝ አይቼ አላውቅም። ይሄ በእጅ የተለቀመ ነው።" በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረች። "ልጄ፣ ጆንያዎቹ የት ናቸው?"

ቆሌዬ ተገፈፈ።

በማግስቱ ጠዋት ጫፉ የሾለ ረጅም የብረት ቱቦ ይዛ መጋዘኔ መጣች። ቱቦውን ጆንያው ውስጥ እስከ ታች ትሰድና ከሥርም፣ ከመሃልም፣ ከላይም ለውዝ ይዛ ታወጣለች። አንዱን ጨርሳ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። አሥረኛው ጆንያ ላይ ስትደርስ "እትዬ፣ ከፊት ያሉት አይበቁም?" አልኳት።

"መርዙ ከፊት ተሰልፎ አይጠብቀኝም" አለችኝና ቀጠለች። አርባውንም ወጋች። ግድግዳውን ተጠግተው ከቆሙት ጆንያዎች ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ዝናብ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ እኔም አውቀዋለሁ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ስል ሰነበትኩ እንጂ።

ላብራቶሪ ስንመለስ ጨለማ ክፍል አስገብታኝ አንድ ልዩ መብራት አበራች። ከግድግዳው አጠገብ ጆንያዎች የመጡት አንዳንድ ፍሬዎች ወደ ሰማያዊ በሚያደላ አረንጓዴ ፈኩ። እጄን ልሰድ ስል መታችኝ። "ይሄ ጥርጣሬ ነው፤ የሚፈርደው ማሽኑ ነው" አለች። ከሁለት ቀን በኋላ ማሽኑ ፈረደ። የሻጋታ መርዝ፣ ከሚፈቀደው አራት እጥፍ።

"እንቆላዋለን እኮ! እሳቱ አይገድለውም?" አልኩ።

"ሻጋታውን ይገድለዋል። መርዙን ግን እሳታችሁ አይበግረውም።"

ደሜ ፈላ። "እትዬ፣ የመጀመሪያው ውጤት አልፎ የለም እንዴ? እሱን ይስጡኝ! ቤተሰብ አለኝ፣ ሰኞ ማቅረብ አለብኝ። ይሄን ሁሉ የሚያደርጉብኝ ምን አድርጌዎት ነው?" ብዬ ጮኽኩ። ከዚህ የባሰም ተናግሬአለሁ፤ አልደግመውም።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ ጠየቀችኝ፤ "ለናሙናው ስትለቅም ያወጣኸውስ? ስባሪው፣ የተጨማደደው፣ የጠቆረው የት ደረሰ?"

ምግብ መጣል አልወድም። ያን ለውዝ ቤት ወስጄው ባለቤቴ ፈጭታ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋዋለች፤ የአምስት ዓመት ልጃችን ሳምንቱን ሙሉ ቁርሷ እሱ ነበር። ምርጡን ለላብራቶሪ አቅርቤ ውዳቂውን ያበላሁት ልጄን ነው።

እንደ ምንም ነገርኳት። አልገሠጸችኝም። ትከሻዬን ይዛ "ስማኝ። የሳምንት መብላት ልጅ አይጥልም፤ ይሄ ጉበት የሚጎዳው ለዓመታት ሲበላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አትቅመሰው። የተረፈውን ከነጠርሙሱ አምጣልኝ፤ ሐኪምም ይያት" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ጥርጥር ስላልነበረ አመንኳት። እንዳለችውም ሐኪሙ ምንም አላገኘባትም።

"ውድቅ" የሚለውን ወረቀት ሳልከራከር ፈረምኩ። የመጋዘኑም፣ የትምህርት ቤቶቹም ነገር ከሐሳቤ ወጥቶ ነበር። ቤት ስደርስ ልጄ ጠርሙሱን በጉልበቷ መሃል ይዛ በማንኪያ ትጨልፋለች። ነጠቅኳት።

"አባዬ፣ የኔ ነው!" ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ልቅሶዋ ጎረቤት ተሰማ። እኔም፣ እትዬ ድገሙት ጮኼ እስክጨርስ እንደጠበቀችኝ፣ አጠገቧ ቁጭ አልኩና "አልቅሺ፣ የኔ እናት፣ አልቅሺ" አልኳት።