አንቀጽ ሰባት እና ጳጉሜን ስድስት

ከዞኑ ገንዘብ መምሪያ በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላም እንጅባራ ውስጥ ደንብ የሚያስረቅቅ ሰው ወደ እኔ መምጣቱን አልተወም። የሦስት ዕድሮች መተዳደሪያ ደንብ በእጄ ተጽፏል፤ በአንዱም ላይ እስካሁን ክርክር አልተነሣም። ስለዚህ ነጋዴዎች ለአንድ የሒሳብ ፕሮግራም መዋጮ ለመሰብሰብ አስበው ደንቡን እንዳዘጋጅላቸው ሲጠይቁኝ አልተገረምሁም።

ፕሮግራሙን የሠራችው ዳንግላ በኮንትራት ታስተምር የነበረች፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ናት። የሱቅንና የመጋዘንን ገቢና ወጪ በአማርኛ፣ በእኛው የቀን አቆጣጠር ይመዘግባል። ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲያርመውና ለሌላ እንዲያስተላልፈው ክፍት አድርጋዋለች፤ ዋጋም አልጠየቀችበትም። ችግሩ የራሷ ኑሮ ነበር። ኮንትራቷ ሰኔ ላይ አለቀ፤ ባሕር ዳር ያለ አንድ ድርጅት ሊቀጥራት ፈልጎ እስከ መስከረም መጨረሻ ቁርጡን እንድታሳውቀው ጠይቋል። ከሄደች ፕሮግራሙን የሚያሻሽለው ሰው የለም። ሃያ ያህል ነጋዴዎች የዓመት ደመወዟን ቢያዋጡላት ግን ትቀራለች።

ደንቡን በሁለት ቀን ጨረስሁት፤ ፕሮግራሙንም በራሴ ኮምፒውተር መፈተን ጀመርሁ። አንቀጽ ሰባት «መዋጮውን ያልከፈለ ሰው በፕሮግራሙ ሊጠቀም አይችልም» ይላል። ከሁሉም አንቀጾች የተደሰትሁበት እሱ ነበር። ዕድር ያልከፈለ ሰው ድንኳን አያገኝም፤ ከዚህ የጠራ ሥርዓት አላውቅም ነበር።

እሷ ረቂቁን እስከ መጨረሻው አነበበችና ይህ አንቀጽ እንዲወጣ ጠየቀችኝ። ከወጣ ማን ይከፍላል ብዬ ተከራከርኋት። የተዘጋ ፕሮግራም መሥራት ከሆነ ባሕር ዳርም እንደሚቻል በለሆሳስ ነገረችኝ።

ነሐሴ ላይ በተደረገው ስብሰባ የልጅነት ጓደኛዬ የሆነው የአዲስ ቅዳም ከተማው የከሰል ነጋዴ ተነሣ።

«እንግዲህ ድንኳን ገዝተን ለአገሩ ሁሉ ልንተክል ነው?»

ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀችና መለሰችለት። «ጋሼ፣ ድንኳኑን ሰው ከወሰደው እርስዎን ዝናብ ይመታዎታል። ይህን ጎረቤትዎ ቢወስደው ከእርስዎ ኮምፒውተር ምን ይጎድላል?»

«ከኪሴ ይጎድላል» አላት።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጉዳዩ ለመስከረም መተላለፉን ጻፍሁ፤ በልቤ ግን ከጓደኛዬ ጋር ነበርሁ።

የዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። አዲሱ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን አንዲት ባለ ሱቅ ከግምጃ ቤት ከተማ በሚኒባስ መጥታ ቤቴን አንኳኳች። ሒሳብ የተምታታበት ሰው ወደ እኔ እንደሚመጣ ሰምታለች። ፕሮግራሙን ከአንድ ማር ነጋዴ በፍላሽ ገልብጣ ስትሠራበት ቆይታለች፤ ለመዋጮው ከታሰቡት ነጋዴዎች መካከል አልነበረችም። ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች፣ ላፕቶፗንም ከጎኑ ከፈተች። በደብተሯ ጳጉሜን ስድስት የተጻፈው የዋዜማ ሽያጭ በሙሉ ላፕቶፑ ላይ መስከረም አንድ ተብሎ ተመዝግቧል።

«መስከረም አንድ ሱቄን አልከፈትሁም፤ በዓል ነው» አለችኝ። «ታዲያ ማን ሸጠልኝ?»

ደብተሩንና ላፕቶፑን ቀን በቀን አስተያየሁ። ፕሮግራሙ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ብቻ እንደሆነች ቆጥሮ ስድስተኛውን ወደ አዲሱ ዓመት አሻግሮታል። ክረምቱን ሙሉ ቀን በቀን ስፈትነው የከረምሁት እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደረሰኝ በቀን ስሕተት ስመልስ የኖርሁት፣ ያችን ቀን አልሞከርኋትም። ሊያዋጡ ካሰቡት ነጋዴዎች መካከልም ያስተዋለ አልነበረም፤ አብዛኞቹ የበዓሉን ሰሞን ሽያጭ ገና አላስገቡም።

ስልክ ደወልሁ። ፕሮግራመሯ ከሰዓት በኋላ ከዳንግላ መጣች፣ ባለ ሱቋን አመስግና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስሕተቱን አረመችው። ማታውኑ የታረመው ለሁሉም ተላከ። እሷ ስትጽፍ እኔ ባለ ሱቋን እያየሁ ነበር። በአንቀጽ ሰባት መሠረት ይህች ሴት ፕሮግራሙን ጨርሶ ባልነካችው ነበር።

በመስከረሙ ስብሰባ የሆነውን አስረድቼ፣ የጻፍሁት አንቀጽ እንዲሰረዝ ራሴ ጠየቅሁ። ጓደኛዬ ባርኔጣውን አነሣ።

«ጸሐፊው ደንቡን ከካደ እኔ ምን ልሠራ እቀመጣለሁ?» ብሎ ወጣ።

የቀሩት ተስማሙና ከፈሉ። ለዓመቱ ደመወዝ የጎደለው የእሱ ድርሻ ብቻ ሆነ፤ እጃችን ላይ የቀረው ስድስት ቀን ነበር። ሄጄ ልለምነው አስቤ ተውሁት፤ እልኸኛነቱን አውቃለሁ።

መስከረም ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው በራሱ ጊዜ ከቤቴ መጣ። የዋዜማውን የከሰል ሽያጭ ገና ማስገባቱ እንደሆነ፣ ቀኑም ጳጉሜን ስድስት ተብሎ በቦታው እንደተቀመጠ እንደ ተራ ወሬ አወራልኝ። ከዚያ ገንዘቡን አወጣ።

«ደረሰኝ ቁረጥልኝ» አለኝ። «ተረታ ብለህ ግን ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳትጽፍ።»

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ውሳኔ ብቻ ነው ብዬው ደረሰኙን ቆረጥሁለት።

በማግስቱ ፕሮግራመሯ የባሕር ዳሩን ሥራ እንደማትቀበል የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፋ፣ ከመላኳ በፊት እንዳየው ሰጠችኝ። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አንድም ቃል አላረምሁም።