«ትመጣለች» ያልኳት ክትባት

ስለ ሞኝነቴ ስንት ጊዜ ለሰው አውርቼ አስቄያለሁ። ይቺን ግን ለሚስቴም አልነገርኳትም።

አርባ ምንጭ የተመደብኩት ከሚሊኒየሙ አንድ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከጎጃም የመጣሁ፣ የዲግሪዬ ቀለም ገና ያልደረቀ፣ ከእኔ ወዲያ ላሳር የምል የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ኢንተርኔት ቤት ተሰልፌ የሳይንስ ዜና አሳትማለሁ፤ በሻይ ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ቆሜ አነባለሁ። ማንም አንብብልን አላለኝም። አንድ ቀን ያነበብኩት ስለ ካንሰር ክትባት ነበር። እንደ ልጆቹ ክትባት በሽታን አስቀድሞ የሚከላከል ሳይሆን ለታመመ ሰው የሚሰጥ፣ የራሱን የሰውነት መከላከያ አስተምሮ ካንሰሩን እንዲያጠቃ የሚያደርግ።

«ሰውነት ደግሞ እንዴት ነው የሚማረው?» አለ የሒሳቡ መምህር።

«የእኛን ዘበኛ አታየውም?» አልኩት። «ዩኒፎርም የለበሰውን ሁሉ ያስገባል። ካንሰርም የገዛ ሥጋችን ስለሆነ ዩኒፎርም ለብሶ ነው የሚያልፈው። ክትባቱ ለዘበኛው ፎቶ መስጠት ማለት ነው፤ ይሄን ሰውዬ ስታይ ያዘው ብሎ።»

ተሳቀ። እኔም ሞቅ አለኝ። የጽሑፉ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ነገሩ ገና በጥቂት ሰዎች ላይ እየተሞከረ መሆኑ፣ ብዙዎቹም እንዳልዳኑ ተጽፎ ነበር። ያንን አላነበብኩም። ደወል ተደውሎብኝ አይደለም፤ ጨዋታዬን ስለሚያበላሽብኝ ነው።

በሩ አጠገብ የጽዳት ሠራተኛችን መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ትሰማ ነበር። ከደጋው ከጨንቻ ወርዳ እዚያው ከተማው ውስጥ ሲቀላ ሰፈር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ አርባ ያለፋት የጋሞ ሴት ናት። አማርኛ ስትናገር ወንዱንም ሴቱንም «እሷ» ትላለች፤ እኛ የሰሜን ልጆች እንቀልድባታለን፣ እሷም አብራን ትስቃለች። በማግሥቱ ብቻዬን ጠብቃ አገኘችኝ።

«ቲቸር፣ ጡቴ ላይ እብጠት ወጣች» አለችኝ።

«ወጣ ነው የሚባለው፣ እትዬ።»

እግዜር ያሳያችሁ! ሴትዮዋ ጭንቀቷን ስትነግረኝ እኔ ሰዋስው አርማለሁ።

«እሺ፣ ወጣ» አለች። «ያቺ ክትባት ግን ያለ ቢላዋ ናት?»

«ያለ ቢላዋ ነው።»

«እዚህ ትመጣለች?»

ሐኪም አይቷት እንደሆነ ጠየቅኳት። «አይተውኛል» አለች። ምን እንዳሏት አልጠየቅኩም። አንዲት «አላውቅም» ከአፌ ብትወጣ ምን ነበረበት? አልወጣችም። «ትመጣለች፣ በቅርቡ» አልኳት፤ ደስ ይበላት ብዬ በራሷ አነጋገር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ፣ ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መጣች?» ትለኛለች። «ትመጣለች» እላታለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ያንን ጥያቄ እወደው ነበር። ሰው ከእኔ አንድ ነገር ሲጠብቅ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ማንጎ ስታመጣልኝም ሳላፍር ተቀብዬ እበላ ነበር።

ዓመት ሊሞላ ሲል የፖሊዮ ዘመቻ መጣ። ከታቢዎቹ የክትባት ሣጥናቸውን አንግተው ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ያዳረሱትን ቤት በር ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። ከእነሱ አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ ነበረች። መንገድ ላይ አገኘችኝና እየሳቀች አጫወተችኝ።

«ቲቸር፣ የትምህርት ቤታችሁ ጽዳት ምን እንዳለችን ሰማህ? ሕፃን አለ ወይ ስንላት ‹የለም፣ የእኔን ስጡኝ፣ የትልቅ ሰውዋን› ብላ ክንዷን ገልጣ ቆመች! የለንም ብንላት ደግሞ ‹በቃ በሬ ላይ አትጻፉ፣ በኋላ ስትመጣ እንዳታልፈኝ› ብላ ለመነችን።»

ሳቅኩ። አዎ፣ አብሬያት ሳቅኩ። ከተለያየን በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ያኔ እግሬን ወደ ሲቀላ አዞርኩት።

በሯ ላይ እውነትም ምልክት አልነበረም። «ሐኪሞቹ ምን ብለውሽ ነበር?» አልኳት ገና ሳልቀመጥ። ከሣጥኗ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ለቀዶ ሕክምና ቶሎ ሐዋሳ ትሂድ ይላል። ቀኑን አየሁት፤ እኔ ዜናዬን ከማንበቤ በፊት በነበረው ሳምንት የተጻፈ ነው።

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም!» ብዬ ጮህኩባት። አጥፊው እኔ፣ ተቆጪው እኔ።

«ሐዋሳ ቢላዋ ናት» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ያለ ቢላዋ ትመጣለች አላልከኝም?»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! «ዋሽቼሻለሁ፣ መቼ እንደሚመጣ የማውቀው ነገር የለም» ማለት ነበረብኝ። ያልኳት ግን «ዘግይታለች፤ እስከዚያ ሐዋሳ ሂጂ» ነው። ዘግይታለች! አውቶቡስ ይመስል።

ወንድሟ ሐዋሳ ወሰዳት። በጊዜው መጥታ ቢሆን ዕጢውን ቆርጦ ማውጣት ይቻል እንደነበር፣ አሁን ግን ሳንባዋ ውስጥ መግባቱን ሐኪሞቹ ነግረው መለሷት። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳት። ሁለቱንም ጊዜ ቤቱ ሰው ሞልቶት ስላገኘሁት ደስ አለኝ፤ ብቻችንን ብንሆን ምን እላት ነበር? እሷ ስለ ጤናዬና ስለ ተማሪዎቼ ጠየቀችኝ። «መጣች?» አላለችኝም። ያ አለመጠየቋ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስትሞት ጨንቻ ተቀበረች። ለቅሶ ልደርስ ወጥቼ ከሰው ኋላ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ወንድሟ ግን አየኝና ተነሥቶ ቆመ።

«ይሄን መምህር እወቁልኝ» አለ ለሰው ሁሉ። «ገና ሲጀምራት ‹ሐዋሳ ሄደሽ ታከሚ› ብሎ የለመናት እሱ ነው። ራሷ ነግራኛለች። ‹ቲቸር አስቀድማ ነግራኝ ነበር፣ ቢላዋ ፈርቼ የዘገየሁት እኔ ነኝ፣ በማንም እንዳታዝን› ብላኝ ነው የሞተችው።»

ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው እየተነሡ መጥተው በሁለት እጃቸው እጄን ጨበጡኝ። እኔም «እግዜር ያጽናችሁ» እያልኩ አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው።