ትንኝ ብቻዋን የሠራችው ፊልም

በጎረቤቶቼ ቤት ግድግዳ ላይ ሦስት ቁራጭ ፕላስተሮች ተለጥፈው ነበር፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም። ቢጫው ከሁሉም ከፍ ብሎ ነው የተለጠፈው። እንግዳ ሰው ቢያያቸው ግድግዳው ተሰንጥቆ የተደፈነ ይመስለው ይሆናል። ቢጫው ግን የሞተው ልጅ ነው፤ ሰማያዊው አለቃው፤ ቀዩ እናቱ። ይህን የማውቀው፣ እህቱ ወንበር ላይ ወጥታ ስትለጥፍ ወንበሩን የያዝኩላት እኔ ስለሆንኩ ነው።

እህቱን ሰው ሁሉ ትንኝ ይላታል። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው። ልጅ ሆና ጆሮው ሥር እየመጣች ስታንጎራጉር «ኧረ ይቺን ትንኝ አንድ በሉልኝ!» እያለ በእጁ ያባርራት ነበር። እሷ ግን ስሙን እንደ ስድብ አልያዘችውም። አድጋ ማይክ መጨበጥ ስትጀምር እንኳ መጀመሪያ የምትለው «ትንኝ ነኝ፤ እንቅልፍ አላስወስድም» ነው።

ራፕ ያስተማራትም እሱ ነው። በአፉ ከበሮ ይመታ ነበር፤ ያ ሁሉ ድምፅ ከአንድ ሰው ጉሮሮ ይወጣል ብሎ ማመን ይቸግራል። እሷ በዚያ ላይ ቃል ትደረድራለች። ቤታችንን የሚለየው አንድ ቀጭን ግድግዳ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ሲፈጥን እነሱም ይፈጥናሉ፤ ክር ሲበጠስብኝ ደግሞ «እማማ፣ ቢቱን ገደሉት!» እያለ ወንድምየው ከወዲያ ይጮህብኝ ነበር። ቢት ማለት ምቱ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። እውነት ለመናገር፣ ነገሩ ለእኔ ከዘፈን ይልቅ ጠብ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ብነግራት ትንኝ ሳቀች።

«ጠብ ነው፣ እማማ። ግን ድንጋይ አንወራወርም።»

የምትሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ መጀመሪያ ኮሌታውን፣ ቀጥሎ እጅጌውን፣ መጨረሻ ጀርባውን። ቀኝ እጇ አንጓ ላይ እንፋሎት ያቃጠላት ቦታ አለ፤ ሰዓት የምታስርበት እዚያ ላይ ነው፣ እንዳይታይ። ካውያው ሲተነፍስና ማድረቂያው ሲሽከረከር ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። አሠሪዋ የምትጸልይ መስሏቸው ለረጅም ጊዜ በአክብሮት ዝም ይሏት ነበር። በኋላ ጠጋ ብለው ቃሉን ሲሰሙት «ይሄማ ጸሎት አይደለም!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩትን ልብሶች ለፊልሟ የሰጧት እሳቸው ናቸው።

ፊልሙ የሷ ብቻ ነው። ጽፋዋለች፣ ተጫውታዋለች፣ ካሜራውም በተገለበጠ ባልዲ ላይ የቆመ ስልኳ ነው። ወንድሟን እሷ ትሆናለች፤ አለቃውንም፣ እናቷንም፣ ራሷንም። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ መጀመሪያ የአንዱን ትቀርጻለች፤ ልብስ ቀይራ የሌላውን ትቀርጻለች፤ ከዚያ እኔ እጅጌን ከትከሻ እንደምገጥመው ታጋጥማቸዋለች። የሚያስቸግረው ዓይን ነው። ፊት ለፊቷ ሰው ስለሌለ ዓይኗ ይቅበዘበዛል። ፕላስተሮቹን የለጠፍነው ለዚህ ነው፤ የምታናግረው ሰው ዓይን የት ላይ እንደሚሆን እንድታውቅ። ፕላስተሩ ሲያቅታት ደግሞ እኔ መጥረጊያ ላይ ቆብ ደፍቼ በዚያው ቁመት እይዝላታለሁ። ልብሶቹን ቶሎ ቶሎ እንድትቀያይር ከጀርባ ቀድጄ ተጣባቂ ጨርቅ ሰፍቼላቸዋለሁ። ከፊት ስትታይ የተከበረ አለቃ፣ ከኋላ ስትታይ የሆስፒታል በሽተኛ!

«ሌላ ሰው ለምን አትጨምሪም?» ብዬ ጠይቄያታለሁ።

«ሌላ ሰው ይቀራል፣ ያረፍዳል፣ ይኮርፋል። እኔ ከራሴ ጋር ብጣላ የት እሄዳለሁ?»

የፊልሙ ነገር ግን ሳቅ አልነበረም። ወንድሟ ፎቅ ቀለም ቀቢ ነበር። ከመሬት ርቆ በታሰረ እንጨት ላይ ቆሞ ይውላል፤ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ለእሱም ለጓደኞቹም አልተሰጠም። አንድ ቀን ጠዋት ወደቀ። በዚያው አልተነሳም።

እናትየዋ ልጇ ይሠራበት የነበረው የግንባታ ድርጅት ቢሮ ጽዳት ናት። ልጁ ከተቀበረ በኋላ አለቃው አደጋ የሚመረምር አንድ ሰው አስከትሎ ቤታቸው መጣ። «ልጅሽ ትንሽ ቀልቃላ ነበር፣ አይደል?» አላት፤ መርማሪው እየሰማ። እሷም «አዎ። ልጄ ከልጅነቱ ቀልቃላ ነበር» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀበቶው የጠየቀ የለም። ትንኝ ያኔ ተማሪ ነበረች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች። እናቷም መስማቷን ታውቃለች። ሁለቱ ከአንድ ሳህን እየበሉ፣ አንድ ክፍል እየተኙ፣ ያቺን ቃል ግን አንድም ቀን አንስተዋት አያውቁም።

ትንኝ ፊልሙን ስትሠራ ሁሉን ነገር ቀርጻ ያቺን ትዕይንት ለመጨረሻ አቆየቻት። ለእናቷ ስለ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ የምትሠራ አስመስላ ነው የነገረቻት።

«ካስገባኋት እማዬን አጣታለሁ» አለችኝ፣ ጥፍሯን እየነከሰች። «ሥራዋንም ታጣለች። ከተውኳት ደግሞ ፊልሙ ራሱ ወንድሜን ቀልቃላ ነበር ያለ ነው የሚመስለው። ምን ይሻለኛል፣ እማማ?»

 መርፌዬ ውስጥ ክር አስገባሁ፤ አወጣሁ፤ መልሼ አስገባሁ።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እናትየዋ እህቷን ልትጠይቅ ስትወጣ፣ ትንኝ የእናቷን የሥራ ጋውን ከምስማሩ ላይ አወረደች። ግራጫ ነው፤ ኪሱ ላይ በእጄ የጣልኩለት እራፊ አለ። ሰዎቹ የመጡ ቀን እናትየዋ ለብሳው የነበረው እሱን ነው። ትንኝ ፊቷን ፓውደር ቀባች፣ ፀጉሯን በሻሽ አሰረች፣ መስኮቱ ሥር ቆመች። ዓይኗን ሰማያዊው ላይ ተከለች። ደረቷን ነፍታ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ «አዎ። ልጄ ከልጅነቱ ቀልቃላ ነበር» አለች።

በሩ ተከፈተ። እናትየዋ እህቷን ቤቷ አጥታት ነው የተመለሰችው።

ልጇን አየች፤ ጋውኗን አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መጥረጊያዬን ከነቆቡ ይዤ ደረቅሁ።

«እትዬ፣ እርስዎም?»

የመጥረጊያውን ቆብ አቃናሁ።

«ሰሞኑን የጋውኔ አንገት ላይ ፓውደር አገኛለሁ» አለች፣ ቦርሳዋን ቀስ ብላ እያስቀመጠች። ለካ ትንኝ ስትለማመድበት ሰንብታለች። «ይቺ ልጅ ተኳኩላ በድብቅ ወንድ ታገኛለች ብዬ ስብሰለሰል ነበር። ምነው ወንድ በሆነ!»

«እማ፣ ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብልሽ?»

«ያልተባለ ነገር አልኩ?»

እናትየዋ ወንበሩን ስባ ልትቀመጥ ብላ ተወችው። «እንደገና በይው» አለች።

«እማ...»

«በይው አልኩሽ! ለሰው ልታሳዪው አይደል? እኔስ ልየው።»

ትንኝ እንደገና ቆመች። ቃሉን ስትለው ድምፅዋ ትንሽ ሻከረ። እናትየዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ የሌላ ሰው ልብስ ልኩ እንደሆነ እንደሚያይ ሰው አየቻት።

«እንደዚህ ነበር የቆምኩት?»

«መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ። ድምፅሽን ነው የሰማሁት። ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም።»

«አልተንቀጠቀጠም። እግሬ ነው የከዳኝ። አለቃው ገና የልጄን ስም ሲጠራ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እዚህ ጋ፣ ባልዲው አጠገብ። የመለስኩለት ጫማውን እያየሁ ነው። ሸራ ሳይሆን ቆዳ፤ አዲስ።»

 ትንኝ ያን ሁሉ ዓመት እናቷን በሐሳቧ አቁማ፣ ደረቷን አስነፍታ ነበር የያዘቻት። ቂሟም ከዚያች ከቆመችው ሴት ጋር ነበር። ሄዳ ቀዩን ፕላስተር በጥፍሯ ላጠችው፤ ከኋላው ትንሽ ቀለም ይዞ ተነሣ። በጣቷ ጫፍ እንደያዘችው ወደ እናቷ ዞረች። እናትየዋ የግድግዳውን ታች አሳየቻት፤ ከወገብ በታች፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ።

«ካልሽ እቆርጠዋለሁ» አለች ትንኝ ለጥፋ ስትጨርስ። «እውነቴን ነው።»

«ካወጣሽው ሥራ አያስገቡኝም ይሆናል።»

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ነው የምትሠሪው?»

«አውቄ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።»

 ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። እናትየዋ ወደ እኔ መጣችና መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደች። ቆቡን አውልቃ አልጋው ላይ ወረወረችው፤ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«እሱ እንዲህ ርቆ አልነበረም የቆመው። ተቀመጪ አንቺ።»

ትንኝ ከባልዲው ላይ ስልኳን አንስታ በወንበር ላይ አቆመችው፤ ባልዲውን አቀናችና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። እናትየዋ ከላይዋ መጥታ ቆመች፤ በጣም ተጠግታ፣ ጫማዋ የጋውኑን ጫፍ እስኪነካ። አለቃው በነበረበት ቦታ። ትንኝ ያን ተረከዙ ያለቀ የእናቷን ጫማ እያየች፣ ደረቷን ሳትነፋ፣ ድምፅዋን ሳታወፍር፣ «አዎ» አለች። «ልጄ ከልጅነቱ ቀልቃላ ነበር።»

«አልነበረም» አለች እናትየዋ ከላይ።

ትንኝ ቀና አለች።

«ልጄ ቀልቃላ አልነበረም። ቀበቶ ስጡኝ ብሎ ጠይቋል። እኔም እየሰማሁ ጠይቋል።»

ስልኩ እየቀረጸ ነበር። እንድታጠፋው የነገራት ማንም የለም።

ፊልሙ የታየው በሌላ እሑድ፣ በወጣቶች ክበብ አዳራሽ ውስጥ ነው። መጋረጃው እኔ ዳሩን የቀመቀምኩት ነጭ አንሶላ ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ሽብሽብ ነበረችው፣ አንጀቴን ስታቃጥለኝ ዋለች። እናትየዋ አልመጣችም። «የማጥበው ልብስ አለኝ» አለች።

ትንኝ ትራስ ሆዷ ላይ አስራ አለቃውን ስትሆን ወጣቶቹ በሳቅ ወንበሩን አንኳኩት። ወንድሟን ሆና በአፏ ከበሮ ስትመታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ራሷን ሆና፣ ካውያዋን እንደያዘች፣ እንዲህ አለች፦

«ፎቁ ቁመቱ አምሯል፣ መስኮቱ ያበራል፣
ማን ቀባህ ብዬ ብጠይቀው አፉን ይዘጋል፣
ቀበቶ ለሱሪ ሞልቷል፣ ለሰው ግን ጠፍቷል፣
የወደቀ ዝም ሲል ያልወደቀ ያወራል።»

አዳራሹ ፉጨት በፉጨት ሆነ። ቀጥሎ ያቺ ትዕይንት መጣች፤ ጋውን የለበሰች ሴት፣ ባልዲ፣ መሬት። ፊልሙ ውስጥ እስከዚያ ድረስ የተሰማው ድምፅ ሁሉ የትንኝ ነበር። ወፍራሙም ቀጭኑም። ያ ከላይ የመጣው «አልነበረም» ግን የትንኝ አለመሆኑን ለማወቅ የሙዚቃ ጆሮ አያስፈልግም።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለ ከኋላዬ አንዱ። «ዝም በል፣ ስማ!» አለችው አጠገቡ ያለችው። ከኋላው መደዳ ሸሚዙ የተተኮሰ አንድ ሰው፣ ከድርጅቱ ቢሮ እንደሆነ በኋላ የነገሩን፣ ፊልሙ ሳያልቅ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ።

መብራት ሲበራ ሱሪው ላይ ቀለም የተረጨበት ጎልማሳ ተነሣ። ጥያቄ ያለው መስሎን ነበር።

«እኛ እስከ ዛሬም ቀበቶ የለንም» ብሎ ተቀመጠ። ያጨበጨበ የለም። 

ቤት ስንደርስ እናትየዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ጋውኑ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ አልደረቀም።

«ድምፄ ተሰማ?» አለችኝ ልጇን ትታ።

«ተሰማ።»

«እንደ ሹክሹክታ ነው ወይስ...?»

«ከኋላ ያለው ሁሉ ሰምቶታል።»

«የቢሮ ሰዎቹስ?»

«አንዱ ነበር» አለች ትንኝ። «ሳያልቅ ወጣ።»

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ትንኝ ጋውኑን ከገመዱ አውርዳ ገባች፤ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ዘርግታ ትተኩሰው ጀመር። ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ ጀርባውን። እራፊው ጋ ስትደርስ ካውያውን አቀለለችው።

«ነገ ትሄጃለሽ?» አለች ቀና ሳትል።

«እሄዳለሁ። ካላስገቡኝ እመለሳለሁ።»

«በር ድረስ ልሸኝሽ?»

«አንቺ ሥራ የለሽም እንዴ?»

«ይጠብቀኝ።»

 ቀዩ ፕላስተር ከእናትየዋ በስተጀርባ እዚያው ታች እንዳለ ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

በማግሥቱ ማለዳ በራቸው ሲከፈት፣ ሁለት ኮቴ ደረጃውን አብሮ ሲወርድ ሰማሁ። የስፌት መኪናዬ ላይ የሰው ቀሚስ እንደተዘረጋ ነበር። ፔዳሉን አልረገጥኩም። ካስገቧት አንድ፣ ካላስገቧት ሁለት ኮቴ ነው የሚመለሰው ብዬ፣ ጆሮዬን ወደ ደረጃው ጥዬ ተቀመጥኩ።