የጋሽ ሰይድ አትክልት ቦታ

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለው ኮንዶሚኒየማችን፣ በሕንፃዎቹ መሃል ቆሻሻ የሚጣልበት ክፍት ቦታ ነበር። ያንን ቦታ ለልጆች መማሪያ የሚሆን አትክልት ቦታ እናድርገው ብለው ሰፈሩን ያነሳሱት ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ጎረቤታችን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቱ አካፋና ዶማ ይዞ በነፃ ሊሠራ ይወጣ ነበር፤ አባቴም ሸሚዙ ከጀርባው እስኪጣበቅ ድረስ አፈር በጆንያ ይሸከም ነበር። ወይራው፣ ዳማከሴው፣ ጤና አዳሙ እያንዳንዱ ስሙና ጥቅሙ በቆርቆሮ ላይ ተጻፈለት፤ የአካባቢው ተማሪዎችም ከአስተማሪዎቻቸው ጋር እየመጡ ያነቡት ጀመር።

ያኔ፣ ሲመሻሽ፣ የተነቀለው አረም ተሰብስቦ ይቃጠልና፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን በፍሙ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ ጋሽ ሰይድም ባትሪያቸውን አብርተው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና ተረት ይነግሩናል። ባቄላ ዘርታ፣ በቀለ ወይ እያለች በየማለዳው ቆፍራ ስለምታየው ጦጣ ሲያወሩልን፣ እንደ ጦጣዋ አፈሩን ጫር ጫር አድርገው ደንገጥ ሲሉ፣ ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

እያደር መኪና የሚገዛው ሰው በዛ። አባቴም ገዛ። አንድ እሑድ ነዋሪው በተሰበሰበበት፣ ቦታው መኪና ማቆሚያ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበ።

ጋሽ ሰይድ ተነሥተው፣ «ለልጆቹ ጥጓን እንኳ ተዉላቸው» አሉ።

«ጋሼ፣ እኛም እኮ እንወደዋለን» አላቸው አባቴ በትሕትና። «ግን መኪናውን የት እናቁመው?»

ድምፅ ሲሰጥ አባቴም እጁን አወጣ። እጁን ያላወጣው ሰው ጥቂት ነበር።

ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት ጋሽ ሰይድ ችግኞቹን ነቅለው፣ በባልዲ ይዘው በየበሩ ዞሩ። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «በረንዳችን ጠባብ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻቸው። ከኋላዋ ቆሜ ነበር። አዩኝ፤ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ በኋላ ልጆች ሆነን ደረጃው ላይ ከበን ተረት ብንለምናቸው፣ «ጠፍቶብኛል ልጆቼ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ላምበረት ወደምትኖረው ልጃቸው ሄዱ። ማረፋቸውን የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ዛሬ አባቴ ጡረታ ወጥቷል። ግቢው ውስጥ ጥላ ያለው መቀመጫ ስለሌለ፣ ከሰዓት በኋላውን መኪናው ውስጥ በሩን ከፍቶ ያሳልፋል። በቀደም ልጠይቀው ስሄድ፣ «እዚህ ጋ ዛፍ ነበር አይደል? ማን ነው ያስቆረጠው?» አለኝ። ረስቶት ይሁን አውቆ፣ ፊቱን አይቼ መለየት አልቻልኩም።

«ሁላችንም» አልኩት።

ከጋሽ ሰይድ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውኛል። ያልጠፋኝ፣ ያ ቦታ ሲፈርስ አንድም የተቆጣ፣ አንድም ክፉ የተናገረ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ሁሉም በትሕትና፣ ይቅርታ እየጠየቀ ነው ያፈረሰው።